ትርንጎ ቤቷ ገባች ወይ?

ጫልቱዬ፣ የኔ ዓለም፣

እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ መልሱን ከማን እሰማለሁ? ስለዚህ የራሴን ልንገርሽ። ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እናትሽ አዮ ሙት ዓመትሽን እሳቸው ጋ፣ ተጂ እናውጣው ይላሉ፣ እኔ ደግሞ እዚሁ ሰበታ እላለሁ። አንቺ ልጃቸው ሆነሽ ያላሸነፍሻቸውን እናት እኔ እንዴት እችላቸዋለሁ? ጤናዬ ደህና ነው። የሱቁን በር ሰማያዊ አስቀባሁት። አረንጓዴ ትይ እንደነበር አልረሳሁም፤ የተገኘው ሰማያዊ ብቻ ነው፣ አትቆጪ። ሹሮ አሁንም አሳርራለሁ።

ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው። የ«ሰባት ጥላ አገር» መጨረሻው መጽሐፍ ወጣ።

ስድስቱን በሙሉ ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ። እኔ መጽሐፍ አከራያለሁ፣ የተቀደደ እጠርዛለሁ እንጂ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ደንበኛ ፊት ሁሉን ያነበብኩ መስዬ ስደሰኩር ከጓዳ ሆነሽ ትስቂብኝ ነበር። ተጂ ስንሄድ ደግሞ ያንኑ ምዕራፍ ለእናትሽ በኦሮምኛ ትተርኪላቸዋለሽ። አዮ ፊደል አልቆጠሩም፣ ትርንጎን ግን ከጎረቤት ልጅ ለይተው አያዩአትም። የተሰረቀ ጥላዋን ፍለጋ እናቷን ደጅ ላይ ትታ የወጣችው ልጅ ትመለስ ይሆን እያሉ ስድስት መጽሐፍ ሙሉ ጠበቁ። በታመምሽበት ሰሞን እንኳ አልጋሽ አጠገብ ተቀምጠው «ገልቴ?» ይሉሽ ነበር፤ ቤቷ ገባች ወይ? አንቺም «ትገባለች አዮ፣ የት ትቀራለች» ትያቸዋለሽ። እኔ መስማት አቅቶኝ ወደ ግቢው እወጣ ነበር።

ለቅሶሽ ካበቃ በኋላ አዮ መጀመሪያ የጠየቁኝም ይህንኑ ነው። መጨረሻው ሲወጣ እኔ አነብልዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። አስቢው፣ እኔ!

መጽሐፉ አዲስ አበባ በወጣ ማግስት አለቀ። ምንጊዜም አብረን የምንገዛው ሦስት አከራዮች፣ እኔና የቡራዩው ኦቦ ደቻሳ፣ የሱሉልታዋ አልማዝም፣ ተሯሩጠን ያገኘነው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ማን ይጀምር በሚለው ልንጣላ ደረስን። የሰበታ አንባቢ ቡራዩን አያምንም፣ ቡራዩም ሱሉልታን አያምንም። በመጨረሻ ወፍራም መጽሐፍ ሲመጣ የምናደርገውን አደረግኩ። በምላጭ ለሦስት ከፈልኩት፣ እያንዳንዱን በወስፌ ሰፍቼ የካርቶን ሽፋን ለጠፍኩበት። እንዲህ ሳደርግ «አረድከው!» ብለሽ ፊትሽን ታዞሪ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል እኔ ጋ፣ መካከለኛው ሱሉልታ፣ መጨረሻው ቡራዩ እንዲቀመጥ ተስማማን። መያዣ መሆኑ ነው፣ አንዱ ከተማ ሙሉውን ይዞ እንዳይቀር። እኛ አንብበን ስንጨርስ ልንለዋወጥ፣ ተራው ያልደረሰም እንዳይከፍት ተማምለን ተለያየን።

በዚያው ሳምንት መንገዱ ተዘጋ። የማስተር ፕላኑን ወሬ አንቺም ደርሰሽበታል፤ አዮ «መሬቴን በካርታ ሊወስዱት ነው» እያሉ ስንት ጊዜ አስጨንቀውሻል። አሁን ግን ወጣቱ ወጣ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ተኩስም ሰማን። ታክሲ ቆመ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። ከእኛ በላይ ካለው ሰፈር አንድ ልጅ ቀበርን። ጫልቱዬ፣ እንደዚያ ያለ ቀብር አይቼ አላውቅም። ሰው ዙሪያውን እያየ፣ ድምፁን እየዋጠ ነበር የሚያለቅሰው።

ከዚያ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ ስከፍት አንባቢዎችሽ አንድ በአንድ መጡ። ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም። የመጀመሪያውን ክፍል ተራ በተራ አነበቡት፣ እኔም ደንበኛ ሲያነብ እየሰማሁ ተከታተልኩ። ትርንጎ ጥላዋን አግኝታ ፊቷን ወደ አገሯ አዙራለች። ሰዉ በደስታ ሊሞት! ከአንቺ ጋር ሲከራከር ምሳ የሚረሳው መምህር ኃይሉ እንኳ «ጫልቱ ብላን ነበር እኮ» እያለ ሲፍነከነክ ዋለ።

ከዚያ ደቻሳ ደወለ። «ወንድሜ፣ አትቆጣኝ። ልጆቹ ቤት ተዘግተው ሊያብዱ ሆነ፣ የመጨረሻውን ክፍል አስከፈቱኝ። ትርንጎ የለችም፣ የሞት ደጅ የሚሉት ላይ ሞታለች» አለኝ። ቡራዩ በለቅሶ ላይ ነው። ይባስ ብሎ ዘነቡ፣ ያቺ የትርንጎ ወላጅ አልባ ጓደኛ፣ ዘው ብላ የትርንጎ እናት ቤት ገብታለች። የሟች አልጋ ላይ ተኛች ብለው የቡራዩ ልጆች እርግማን ያወርዱባታል።

ላልናገር አስቤ ነበር። ፊቴ አሳበቀብኝ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራው ሰናይት መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጥላ «በዚህ ሰሞን የሚሞተው አነሰና እሷንም ገደሏት?» ብላ ጮኸች። መምህሩ ደራሲውን ሰደበ። አንዱ ብሩን እንድመልስለት ጠየቀኝ። ሌሎቹ እንባቸውን አፈሰሱ። እኔ ተናደድኩ። ትናንት የሰው ልጅ ቀብረን ዛሬ ለወረቀት ልጅ? ልቆጣቸው አፌን ከፍቼ ሳያቸው ግን ቀብሩ ላይ ድምፃቸውን ውጠው የነበሩት እነሱው ናቸው። ለትርንጎ ማልቀስን የሚከለክል የለም። እንደ ልባቸው አለቀሱ፣ እኔም በሩን ዘግቼ ከነሱ ጋር አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሐሳብ የያዘኝ ከዚያ ወዲያ ነው። አዮን ምን ልበላቸው? ልጃቸውን ለቀበሩ እናት ያቺኛዋም አልገባችም ብዬ በምን አፌ እናገራለሁ? መንገዱ ዝግ በነበረበት ሰሞን ውሸት ስፈበርክ ሰነበትኩ። ገባች እላቸዋለሁ፣ ሠርግም ደገሱላት እላለሁ። ማንበብ አይችሉ፣ ማን ይነግርብኛል? አንቺ ብቻ ትታዘቢኛለሽ ብዬ ፈራሁ።

መንገዱ ሲከፈት አልማዝ መካከለኛውን ክፍል በሚኒባስ ላከችልኝ፣ ደቻሳም የራሱን። ሦስቱን መልሼ አንድ ላይ ሰፋኋቸው። እንደማልተኛ ለራሴ ምዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ፣ አልተኛሁምም። ለካ መካከለኛው ላይ ወንዝ አለ። ጀልባ ቀዛፊው የሚያሻግራቸው የትርንጎን ስም ተቀብሎ ነው፤ በዚያ ስም የምትጠራው ደግሞ የሞት ደጅ ላይ ትቀራለች። ያን ጊዜ ዘነቡ ለትርንጎ «እኔን የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ስምሽን ለእኔ ስጪኝ፣ የእኔን አንቺ ያዢ» ትላታለች። ከዚያ ገጽ ጀምሮ መጽሐፉ ትርንጎ የሚለው ዘነቡን ነው፣ ዘነቡ የሚለውም ትርንጎን።

ቡራዩ ያለቀሰው ለሌላ ሰው ነበር፣ የረገመውም የገዛ ትርንጎውን! ስደውልለት ደቻሳ ይስቅ ጀመር፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ። «ግዴለም፣ ያቺም ልጅ አልቃሽ አልነበራትም» አለ። እውነቱን ነው። አላወቁትም እንጂ ያለቀሱት ለትክክለኛዋ ሟች ነው። ሰበታ ላይ ግን ክርክሩ ገና አልበረደም። ሰናይት በሰው ሕይወት የተገዛ መመለስ ምን ያስደስታል ብላ አኩርፋለች፣ መምህሩም ደራሲውን ይቅርታ ሊጠይቅ አድራሻውን ያፈላልጋል። አንቺ ብትኖሪ ሁለቱንም አንድ ላይ ትሞግቻቸው ነበር።

ቅዳሜ ተጂ ወረድኩ። አዮ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው «አካም ጂርታ» ብለው ሰላም እንኳ ሳይሉኝ እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ አዩት። ያንን ኦሮምኛዬን ታውቂዋለሽ። የጎደለኝን በአማርኛ እየሞላሁ፣ በእጄም እያሳየሁ፣ ወንዙን አሻገርኳቸው። ለዘነቡ አለቀሱ። እናት የሌላት ልጅ እያሉ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ትርንጎ በሩን ስታንኳኳ፣ እናቷም በሌላ ስም ብትጠራም ከእርምጃዋ ለይታ ስትከፍትላት አነበብኩላቸው። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

አዮ ግን አልጨረሱም። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ማል ኛቺፍቴ?» አሉኝ። ምን አበላቻት?

ገጹን አየሁት፣ ገለበጥኩት። ደራሲው ይህን ሁሉ ጽፎ የልጅቱን እራት ረስቶታል። ያን ሁሉ ውሸት ፈብርኬ ለዚች አንዲት ጥያቄ አልተዘጋጀሁም። ሳላስበው «ጭኮ» አልኳቸው። «ቅቤው በደንብ የገባበት ጭኮ። አንድ ሳህን በልታ ሌላ ጠየቀች። ከዚያ ጣቷን እየላሰች እዚያው ምድጃ ዳር እንቅልፍ ወሰዳት።»

አዮ መጽሐፉን አላዩም፣ እኔን ነው ያዩኝ። «እንደዚያ የምትተኛው ጫልቱ ናት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ፈገግ አሉ። ካለፍሽ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ሌላም ንገረኝ፣ ሌላ ምን ታደርጋለች?» አሉኝ። መጽሐፉን ዘግቼ እስኪመሽ ስለ አንቺ አወራሁላቸው፣ እሳቸውም እኔ የማላውቀውን ልጅነትሽን ነገሩኝ።

ጫልቱዬ፣ አንቺን የጻፈሽ ደራሲ የለም። የምትበይውን፣ የምትስቂበትን፣ ተናደሽ የምትረሺውን የያዝነው እኔና እናትሽ ነን። አልረሳሽም ብሎ መማል ለእኔ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከዚህም በላይ ቃል እገባልሻለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ እናገርሻለሁ። ጠያቂ ሲጠፋም ተጂ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ አዮ የሰሙትን እንደ አዲስ ይሰሙኛል።

ያንቺው መኮንን፣ ሰበታ