በወረቀት የተለካ እግር

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሐሰት ነው። በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ጫማ አልገዛሁም፤ ለራሴ አልገዛምም። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሴት መንገድ ዘግታ፣ «እትዬ ጽጌ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከተራራ ሊንሸራተቱ ነው አሉ፤ እግዜር ይጠብቅዎ» አለችኝ። ከኋላዋ ያሉት ሁለቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የቤታችንን ደረጃ ስወርድ እንኳ መደገፊያውን እይዛለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ትናንት መሀል ከተማ ካለ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ገባሁ፤ ለመጠየቅ ብቻ። ሻጭዋ ጸጉሯን ሰማያዊ ያስነከረች ወጣት ናት። ለእኔ መስሏት አስቀመጠችኝና ሳልጠይቃት አንዱን ጫማ አጠለቀችልኝ። የወታደር ቦት ጫማ ላይ ትራስ የሰፉበት ይመስላል። ማቋረጥ ነውር ስለመሰለኝ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ከሰበካችን አንዱ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አይቶኝ ኖሯል። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።

የጠየቅሁት ለልጅ ልጄ ለሜሮን ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኔ፣ ልጄ ገነትና እሷ አንድ ቤት ነን። የትምህርት ቤቷ ልጆች በብርዱ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ተራራ ይሄዳሉ፤ የምትመጣዋ ቅዳሜ ለሜሮን የመጀመሪያዋ ናት። ስኖውቦርዱን፣ ማለት ሁለቱም እግር የሚታሰርበትን ረጅሙን ሰሌዳ፣ የአባቷ እናት ወይዘሮ አስካለ ለገና ሰጠቻት። ወይዘሮ አስካለ ከእኛ በመኪና ግማሽ ሰዓት በምትርቅ፣ ዴ ሞይን በምትባል ትንሽ ከተማ ትኖራለች። መኪና ትነዳለች። ሱሪ ትለብሳለች። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ስድሳ ነኝ ትላለች። ሜሮን «አስኩዬ» እያለች፣ አንቺ እያለች ታጫውታታለች። ለእኔ «አያቴ» እና «እርስዎ» ነው። ያስተማርኳት ራሴ ነኝ፤ ማማረር አልችልም። ግን ስሰማው ያመኛል።

ጫማው ቀርቷል። ለእናቷ «ዓርብ ከአስኩዬ ጋር እንገዛለን» ስትል ሰማሁ።

ሰሌዳውም ከአስካለ፣ ጫማውም ከአስካለ። አይሆንም።

ሰኞ፣ ጥር 19

ቁጥሯን ማወቅ ነበረብኝ። አሮጌ ጫማዎቿን አገላበጥኩ፤ ሁሉም የተለያየ ቁጥር ይላሉ። እንግዲያው እኛ የምናውቀው መንገድ ይሻላል። ልጅ ሳለን አባቴ ጫማ ሊገዛልን ወደ አስመራ ሲሄድ የስድስታችንን እግር በወረቀት ላይ በእርሳስ ከብቦ፣ በእያንዳንዱ ላይ ስም ጽፎ ይዞ ይሄድ ነበር። አንድም ጊዜ ጠቦን አያውቅም።

ሜሮን ከትምህርት ቤት ተመልሳ ቴሌቪዥን ፊት ተጋድማ ነበር።

«እግርሽን ስጪኝ።»

«ዋይ? ለምን?»

«ካልሲ ልሠራልሽ ነው።»

ዋሸሁ። እዚህ ላይ ልጻፈው።

ወረቀቱ ላይ አቆምኳት። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ካልተያዘ ልኩ ይዛነፋል። የውስጥ እግሯ ቅስት ጋ ስደርስ ኮርኩሯት ሳቀች፤ ሚዛኗን ስታ ራሴን ያዘች። ይህን እግር እጄ ውስጥ ከያዝኩት ዐሥር ዓመት ሳይሆን አይቀርም። ያኔ መዳፌን አይሞላም ነበር። ግራው ከቀኙ በትንሹ ይበልጣል። ይህን አስካለ አታውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ገዛሁ።

ጠዋት በአውቶቡስ ወርጄ ሱቁ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ባለ ሰማያዊ ጸጉሯ አወቀችኝ። ልጅቷን ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። «እግሯን ይዤ መጥቻለሁ» ብዬ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መለኪያ አመጣችና ሰባት ቁጥር ነው አለች። በዚህ ጫማ የእግር ጣት ጫፉን መንካት አለበት፣ እግር ውስጥ መንቀሳቀስ የለበትም፣ ሰፊ ከሆነ ሰሌዳው አይታዘዝም አለች። ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች ብዬ ሰማኋት።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ አለቃችን መነኩሲት በየወሩ አሰልፈውን የጫማችንን አፍንጫ በአውራ ጣታቸው ይጫኑ ነበር። አንድ አውራ ጣት ክፍት ቦታ ካላገኙ ጫማው ለታናሽ ይሰጣል። እድሜዬን በሙሉ ለራሴም፣ ለልጄም፣ ለዘመድም ጫማ የገዛሁት በዚያ ሕግ ነው። ጫማ ታድጊበታለሽ ተብሎ ነው የሚገዛ። ስምንት ተኩል አልኳት። ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ፤ ሁለት ጊዜ ደገምኩላት።

ሳጥኑን ታቅፌ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ፈገግ አለችልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አስካለ ደወለች። «እትዬ ጽጌ፣ ዓርብ ለጫማው ሜሮንን ልወስዳት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተዘጋጅታ ትጠብቀኝ።» «ዓርብ ይድረስ እንጂ» አልኳት። ሌላ ምንም አልነገርኳትም። ደስ አለኝ። ደስታው ንጹሕ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተመለስኩ። ወሬው እንዳለ ነው።

ሜሮን እንደገባች ሳጥኑን ሰጠኋት። ክዳኑን ስታነሣ ፊቷን አየሁት፤ ደስታው ለእኔ ነበር። አንገቴን አቀፈችኝ። ገነትም «እማዬ፣ አንቺ ራስሽ ሄደሽ?» አለች፤ ደጋግማ አለች።

ከዚያ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሰሌዳውን ዘርግታ ጫማዋን አሰረች፤ ማሰሪያዎቹን አጥብቃ ጉልበቷን አጠፍ አደረገች። ወደ ፊት ስታዘነብል ጫማው ባለበት ቀረ፤ ተረከዟ ግን ውስጥ ውስጡን ተነሣ። ቁርጭምጭሚቷ አካባቢ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁ። የሱፍ ካልሲ ጨመርኩላት። ሌላ ደገምኩ። በሦስተኛው እግሯ ቀልቶ አላበው፤ ተረከዟ አሁንም ይነሣል።

«ኦኬ ነው፣ አያቴ» አለች። «ሪሊ። ያምራል።»

ያምራል ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ስልኩን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ተማሪዎቼን ለዚህ ነገር ስንት ጊዜ ቀጥቻለሁ። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፦ «ኖ፣ አስኩዬ፣ ልነግራቸው አልችልም። ጀስት፣ ቅዳሜ በሱ እሄዳለሁ።»

ለእሷ ነገረቻት። ችግሩን የፈጠርኩት እኔ፣ የሰማችው እሷ። እራት አልበላሁም። ጾም ነው አልኳቸው፤ ደግነቱ ረቡዕ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ሜሮን ትምህርት ቤት እያለች አስካለ ደወለች።

«እትዬ ጽጌ፣ አይቆጡኝ። ጫማው ይሰፋታል።»

«አየሁት።»

«በዚያ ተራራ ላይ እግሯ ቢዞርስ? ለእርስዎ መናገር ፈርታ ነው። አያቴ ከሚያዝኑ እግሬ ይቁሰል ነው ያለችኝ።»

መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅኩ፦ «ለምን ለአንቺ ነገረችሽ?»

ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «እኔ ሁልጊዜ ስሳሳት ታየኛለች። ባለፈው የሰው መኪና የእኔ መስሎኝ ቁልፉ እምቢ ብሎን ስንታገል ባለቤቱ መጣ። እኔ ዘንድ ስሕተት ርካሽ ነው፣ እትዬ። እርስዎ ዘንድ ግን ውድ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ውስጥ ቆምኩ። የሠላሳ ዓመት መምህር ነኝ። ቀይ እርሳሴን የፈሩ ልጆች ዛሬ ሐኪሞች ናቸው። ይህቺ ግን ለፈተና አልተሰጠችኝም። እግሯ ሊሰበር እየቻለ ከእኔ የምትደብቅ ከሆነ ምን አስተማርኳት? አስካለ ልክ ናት። ልክ ባትሆን ኖሮ በጠላኋት።

ሜሮን ስትገባ ሻንጣዋን እንኳ ሳታወርድ ነገርኳት። «ጫማውን ተሳስቼ ነው የገዛሁት። ሻጭዋ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።»

«እርስዎ?»

«እኔ።»

«እንደገና ይበሉልኝ» አለች።

«ተሳስቻለሁ አልኩሽ።»

ሻንጣዋን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ከእኔ ጋር ስትስቅ ትዝ አይለኝም። ቆይታ ተረከዟን አሳየችኝ፤ ትናንት ጫማውን ምንጣፍ ላይ ብቻ አድርጋው ተልጧል። ሳልጠይቃት ነው ያሳየችኝ።

«ነገ እንመልሰው» አልኳት።

«ከአስኩዬ ጋር?»

«መኪናውን እሷ ትንዳ። ደረሰኙ ያለው ግን እኔ ዘንድ ነው።»

ዓርብ፣ ጥር 23

አስካለ ሃያ ደቂቃ ዘግይታ መጣች። ፓርክ ስታደርግ አንዱን ጎማ የእግረኛ መንገድ ላይ አወጣች። ሜሮን ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ ከሳጥኑ ጋር ከኋላ። እስከ ሱቁ ድረስ ሁለቱ የማላውቀውን ዘፈን ዘፈኑ። አስካለ ቃሉን አታውቅም፤ ግን ትዘፍናለች።

ጫማው ከምንጣፍ ስላልወጣ ተቀበሉን። ባለ ሰማያዊ ጸጉሯ «ነግሬሽ ነበር» አላለችኝም። ይህን አስተውያለሁ። ሜሮንን አስቀምጣ እግሯን ለካች። ግራው ይበልጣል አለች። «አውቃለሁ» አልኳት።

የመጀመሪያው ጫማ ሐምራዊ ነበር። አስካለ እጇን አጨበጨበች፤ «ይኸው፣ አለቀ፣ ይህን እንውሰድ» አለች። ሜሮንም ወዲያው ወደደችው። ሻጭዋ ግን ተረከዟን ወለሉ ላይ መታ መታ እንድታደርግ፣ ከዚያ አጥብቃ አስራ ጉልበቷን አጥፋ ሩብ ሰዓት እንድትቆይ ነገረቻት። ቀጥ ብላ ስትቆም ጣቷ ጫፉን ይነካል፤ ጉልበቷን ስታጥፍ ትንሽ ይመለሳል። እንዲህ መሆን አለበት አለች። አውራ ጣቴን ከኪሴ አላወጣሁም።

በሰዓቴ ያዝኩላት። አስካለ በአራተኛው ደቂቃ ሰልችቷት ወደ ባርኔጣዎቹ ሄደች፤ ጆሮ ያለው ባርኔጣ ደፍታ ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ እያለች ሜሮንን ታስቃታለች። ሱቁ ሁሉ ያያታል። እኔ እንዲህ ማሳቅ አልችልም። አልቻልኩምም። የምችለውን አደረግሁ፤ በየሦስት ደቂቃው ጠየቅኳት።

«አሁንስ?»

«ምንም አይልም።»

ዐሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ክብደቷን ወደ ቀኝ ስታዞር አየሁ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ናቲንግ፣ ምንም።»

«ሜሮን። እግር ላይ ምንም የሚባል ቦታ የለም። የት ነው?»

ወደ አስካለ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ። «ግራ። ትንሿ ጣት። እንደ መርፌ ነው።»

ሐምራዊው ተመለሰ። ሁለተኛው ቁርጭምጭሚቷን ቆረጠማት፤ በሦስት ደቂቃ ነገረችኝ። ሦስተኛው ግራጫ ነው፤ መልኩ አያምርም። ሩብ ሰዓት ሞላ። ሃያ ደቂቃ ሞላ። ሻጭዋ ከኋላ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ወደ ፊት እንድታዘነብል አደረገች፤ ተረከዟ ንቅንቅ አላለም። «አያቴ፣ ይሄ ነው» አለች ለእኔ፣ አስካለ አጠገቧ ቆማ ሳለ።

አስካለ «እኔ ብሆን ሐምራዊውን ይዤ እቤቴ ነበርኩ» አለች። እውነቷን ነው። ይህን ስትናገር የተሰማኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የክርስቲያን ስሜት አይደለም።

ስንመለስ ሜሮን ከፊት ወንበር ፊቷን ሳታዞር፣ «አያቴ፣ ነገ አስኩዬ በመኪናዋ ልታየኝ ትመጣለች። እርስዎስ ይመጣሉ? ይበርዳል፤ ደግሞ ስወድቅ ነው የሚያዩኝ» አለች።

«አስካለ ትሄዳለች ካልሽ እሄዳለሁ።»

አስካለ በመስታወቱ አየችኝ። ሳቋን የያዘች መሰለኝ። እኔም ያዝኩ።

ነገ መጀመሪያ የማደርጋቸው፦

ሜሮንን ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ መቀስቀስ። አንድ ቀጭን ካልሲ ብቻ መስጠት፤ ወፍራሞቹን አለማየት።

ጫማዋን ራሷ ታስረው። ካልጠየቀችኝ አለመንካት። ከጠየቀችኝ መጀመሪያ ተረከዟን ማስመታት።

አውቶቡሷ ሲሄድ ቆሜ ማየት፤ ከዚያ ከአስካለ ጎን ከፊት መቀመጥ። ስለ አነዳዷ አስተያየት አለመስጠት፣ ቢያንስ እስከ አውራ ጎዳናው።

ሜሮን ስትወድቅ ከአስካለ በፊት ከመቀመጫዬ አለመነሣት። ወይም ከእሷ እኩል መነሣት። ይህን ገና አልወሰንኩም።