የፈነዳው ኮከብ ለምን አይደበዝዝም?

ሰኞ

ተማሪዬ ደሳለኝ አስራ ሁለተኛ ክፍል ፊት አፋጠጠኝ። በደቡብ ሰማይ ስለፈነዳው ኮከብ በሬዲዮ የሰማሁትን ሁለት ሐሳብ ነገርኳቸው። አንደኛው፣ ብርሃኑ የፍንዳታው ሙቀት ነው። ሁለተኛው፣ በፍንዳታው የተፈጠረ ኒኬል ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱም ወደ ብረት ሲለወጥ የሚሰጠው ጉልበት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ደገፍኩ። «ቲቸር፣ እየሰፋ የሚሄድ ነገር ይበርዳል። ታዲያ ለምን አይደበዝዝም?» አለኝ። እሱ ሁለተኛውን ያዘ። ተናደድኩ፤ ደስም አለኝ። ኮረብታው ላይ ወጥተን እናየዋለን አልኳቸው።

ማክሰኞ

ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ያንገላታኛል ብዬ ነበር። «ስንት ወንድ ይመጣል? የትኛው ኮረብታ ላይ?» ብቻ ብሎ ፈቀደ። ሳይንስ ይወዳል ለካ!

የደሳለኝ እናት ወይዘሮ የሺ ግን እምቢ አሉ። ለውትድርና አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ሌላ የትም አይሰዱም። ቀበሌ ፈቅዷል፣ እኔም አለሁ ብዬ ለመንኳቸው። «እንግዲያስ አደራ በአንቱ» አሉኝ።

ረቡዕ

አየነው! ከአድማሱ ብዙም ከፍ አላለም፤ ቀላ ይላል። ደሳለኝ፣ «አሁን ከጎኑ ካለው ኮከብ ያንሳል። ሰንብቶ ከበለጠው እኔ አሸነፍኩ» አለ።

ከዚያ ከታች የመኪና መብራት። ታጣቂዎች ኮረብታውን ከበውታል። ወንዶቹን በሙሉ ጫኗቸው፤ እኔንና ሴቶቹን ወደ ቤት ሰደዱን። ደሳለኝ ከመኪናው ላይ «ቲቸር፣ ፈቃድ አለን በሏቸው እንጂ!» እያለ ይጮኻል። አልኳቸው። ሊቀመንበሩ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ሳቀ።

ሐሙስ

ልጆቹ ጎህ ሳይቀድ ወደ ማሰልጠኛ ተወስደዋል። ወይዘሮ የሺ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። አንቱታው ቀርቷል። «እኔ የሸሸግሁትን አንተ አውጥተህ ሰጠህብኝ» አሉ። አፈርኩ።

ሰኞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሊቀመንበሩ ገበያ መሃል ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። «ጓድ መምህር፣ አስራ አንደኛ ክፍሎቹንስ መቼ ታወጣቸዋለህ? ኮታ ጎድሎብኛል።»

«ኮከቡ ጠፍቷል» አልኩት።

«እንዲህ ቶሎ?»

«የፈነዳ ነገር ይበርዳል።»

አመነኝ መሰለኝ። ሲመሽ ብቻዬን ጓሮ ወጣሁ። ኮከቡ ከጎኑ ካለው በልጦ ደምቋል። ደሳለኝ አሸንፏል፤ የት አግኝቼ ልንገረው? ሊቀመንበሩ ከሰው ጠይቆ ቀና ብሎ ቢያይስ? ነገ ደመና በሆነ።