በሕግ አምላክ ያስቆምኩት ትግል

ፍኖተ ሰላም
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጅማ ላለችው ልጄ ለማርያማዊት

ማርያሜ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ልጅሽ እንቁስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? አክስትሽን ዓባይነሽን እጅ ነሥተናል በያት። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ዳገት ሲያይ ብቻ ይከራከራል። በርበሬው ዘንድሮ ደህና ወጥቶልናል፤ ግቢው ሙሉ ቀይ ሆኗል፤ ጎረቤት ሁሉ ያስነጥሳል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን ኔትወርኩ ሲመጣ እናትሽ ትቀድመኛለች፤ እሷ ስትጨርስ ኔትወርኩ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ እናንተ በሚመጣ ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ።

ትናንት የባልሽ የትዕዛዙ ሽማግሌዎች ከቡሬ መጥተው ነበር። እንደሚመጡ ቀደም ብለው አስታውቀውናል። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ወደ ባልሽ ቤት እንድትመለሺ እኔ ቃል እንድሰጥ። ለምን ከቤትሽ እንደወጣሽ አልነገርሽንም፤ እኛም አልጠየቅንሽም። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ከመንገሬ በፊት ግን ሌላ ነገር ላውራሽ፤ አለዚያ መልሴ ከየት እንደመጣ አይገባሽም። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ሐብቴ ያን ያስቆምኩትን የቦራንና የዳለቻን ትግል አገኘው።

ታስታውሻለሽ፤ ሦስተኛ ክፍል ነበርሽ። ሐብቴ ያኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ከፈረንጅ ቴሌቪዥን የተቀዳ ትግል በካሴት ከባሕር ዳር እያስመጣ ያሳይ ነበር። ያን ቀን የመጣለት ሁለት ለሁለት የሚታገሉበት ነው። አንዱ ከገመዱ ውስጥ ይታገላል፤ ጓደኛው ከገመዱ ውጭ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። የደከመው መጥቶ እጁን ካልነካው በቀር መግባት አይችልም። የቪዲዮ ቤቱ ሰው "ጥማድ" ይላቸው ነበር። የፈረንጅ ስማቸው ለአፍ ስለማይመች የበሬ ስም ወጣላቸው። ግንባሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ያሰረው ቦራ፣ ጸጉሩ የሸበተው ዳለቻ። ባላጋራዎቻቸው ጭምብል የለበሱ ናቸው፤ ለእነሱ ስም ለማውጣት የደከመ የለም።

እናትሽ ገበያ ስለነበረች ይዤሽ የገባሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ "ፍርድ ቤት የሚሠራ ሰው ልጁን ዱርዬ ቤት ወሰዳት" ትላለች።

ቦራን ደበደቡት። ሁለቱ ጭምብላሞች እየተፈራረቁ ወገቡን ረገጡት። በደረቱ እየተሳበ ወደ ዳለቻ ሄደና እጁን ዘረጋ። ቤቱ በሙሉ ቆሞ "ንካው! ንካው!" ይላል። ዳለቻ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ የብረት ወንበር አንሥቶ ገባና የገዛ ጓደኛውን ጀርባ መታ።

አንቺ የያዝሽውን የሽምብራ ቆሎ በሙሉ ዳለቻ ፊት ላይ በተንሽው። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አግዳሚው ላይ ወጥቼ "በሕግ አምላክ!" ብዬ ጮኽኩ።

ሐብቴ አጠፋው። ምን ያድርግ? በሕግ አምላክ ከተባለ በኋላ እጅ የሚያነሣ ሰው በእኛ አገር የለም፤ ካለም በደለኛው እሱ ነው።

"ጋሼ ገብረሰንበት፣ ፈረንጆቹ እኮ አይሰሙዎትም" አለ አንዱ ከኋላ።

"አንተ ሰምተሃል አይደል? ተቀመጥ!"

ተሳቀ። ግን "ክፈተው" ያለ ሰው አልነበረም። ትልልቆቹ ሰዎች አግዳሚውን አዙረው ለፍርድ ተቀመጡ። ዳለቻ ካሣ እንዲከፍል፣ ቦራም ይቅር እንዲል ተወሰነ። ሐብቴ በዳለቻ ፈንታ የበሩን ማስደገፊያ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። ከደምበጫ የመጣ አንድ የእህል ነጋዴ በቦራ ፈንታ ተነሥቶ "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለና ድንጋዩን አወረደለት። እልል ተባለ።

ካሴቱ በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ። ፍጻሜውን ያየ የለም። እኔም ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ "ፈረንጅ ያስታረቅሁ ሰው ነኝ" እያልኩ ስኮራ ኖርኩ። አንቺም ሰምተሽ ሰልችቶሻል።

ሐብቴ ዛሬ ስልክ ይጠግናል፤ ፊልምም ይጭናል። ባለፈው ሳምንት በሱቁ በር ሳልፍ "ጋሼ፣ ጥማድዎ ተገኘ!" ብሎ ጠራኝ። ከኢንተርኔት አውርዶታል። አንዲት ስልክ ላይ ጎንበስ ብለን እየሳቅን ጀመርነው። እኔ ያስቆምኩበት ጋ ሲደርስ "ይኸው፣ እዚህ ላይ ጮኹ" አለኝ። ትግሉ ግን ቀጠለ።

ማርያሜ፣ ዳለቻ ተንበረከከ። ልክ እኛ እንደፈረድነው። ወንበሩን ጣለ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ቆይቶ ለቦራ እጁን ዘረጋ። አዳራሹን የሞላው ፈረንጅ "ታረቅ! ታረቅ!" ይላል። ቋንቋቸውን ባላውቅም ሌላ ነገር ሊሉ አይችሉም። ቦራ ቆየ። ሕዝቡን ዞሮ አየ። ከዚያ እጁን ሰጠው። ዳለቻ በዚያችው በያዛት እጅ ስቦ ወንበሩ ላይ ፈጠፈጠው። በቃሬዛ ነው ያወጡት።

"ውሸት እኮ ነው ጋሼ፤ ተለማምደው ነው የሚሠሩት" አለኝ ሐብቴ ፊቴን አይቶ።

"አውቃለሁ" አልኩት። ማወቁንስ አውቃለሁ። ግን ሕዝቡ አልተለማመደም። "ታረቅ" ያለው ሕዝብ ከልቡ ነበር።

እንግዲህ ወደ ትናንቱ ልመለስ። ሽማግሌዎቹን መርተው የመጡት መሪጌታ እንድሪያስ ናቸው። ከእሳቸው ጋር አብረን ያስታረቅነውን ቤት ብዛት አንቺም ታውቂዋለሽ። ትዕዛዙ ከኋላ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ደህና ድንጋይ ነው የመረጠው፤ ለይስሙላ አይደለም። ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

"እንግዲህ እግርና እግርም ይጋጫል" ብለው መሪጌታ ጀመሩ።

እናትሽ ከጓዳ ሳትወጣ "ሲጋጭማ ሁለቱንም ያማቸዋል አባቴ። የእሱ የትኛው ነው ያበጠ?" አለች።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንደኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ደንቡ ድንጋዩን ቶሎ ማውረድ ነው። ተነሥቼ ሄድኩና እጄን ድንጋዩ ላይ አደረግሁ። ግን አላነሣሁትም።

"ምን አድርገህ ነው የተሸከምከው?" አልኩት።

"ሰይጣን በመሃላችን ገብቶ ነው አባባ።"

"የጠየቅሁህ ስለ ሰይጣን አይደለም።"

"ገብረሰንበት!" አሉ መሪጌታ። "ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይመረመርም። ይህንን ራስህ አይደለህም ወይ የምትለው?"

"እላለሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ክሱ ሳይነበብ የተፈረደ ነገር አላየሁም። ይናገርና እንስማው።"

ላቡ ወረደ። መሪጌታን ቀና ብሎ አየ።

"ገፋ አድርጌያት ነው" አለ በመጨረሻ። "ያው የቤት ውስጥ ነገር ነው። ሚስቴ አይደለችም እንዴ? እሷም ብትሆን አፏ..."

እዚያ ላይ አቆመ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናትሽ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ስትወጣ አላየሁም።

ድንጋዩን በሁለት እጄ ቀስ ብዬ አወረድኩለት። "እኔ በበኩሌ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ቂም አልይዝብህም" አልኩት። "ልጄን ግን ተመለሺ ብዬ ቃል አልሰጥም። የምሰጥህ የራሴን ነው። የእሷ እኔ ዘንድ የለም።"

የቀረበውን ምሳ ሳይቀምሱ ወጡ። መሪጌታ ደጅ ላይ ቆመው "ዛሬ ሽምግልናን አፈረስካት። ነገ የማንን በር ነው የምናንኳኳ?" አሉኝ። ሰውየውን እወዳቸዋለሁ፤ እሳቸውም ክፉ አስበው አልመጡም።

ዛሬ ጠዋት ለሁለት ገበሬዎች የድንበር ጠብ ልቀመጥ ነበር። ገና ጫማዬን ሳስር "ሌላ ሰው አግኝተናል፤ አይድከሙ" ብለው ላኩብኝ። ይሁን። በርበሬ ሳገላብጥ ዋልኩ።

አሁን ስሚኝ። ማንም ደውሎ "አባትሽ ቃል ሰጥቷል" ቢልሽ ውሸት ነው። በገዛ ፈቃድሽ ልመለስ ብትዪ የምከለክልሽ ሰው አይደለሁም። በፍርድ ቤት ልጨርስ ካልሽ ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ እነግርሻለሁ፤ ለዚህስ አሁንም አላንስም። እዚያው ልኑር ካልሽ ኑሪ። ወደ እኛ ልምጣ ካልሽ ደግሞ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነይ፤ እናትሽ ያንቺን ክፍል ከበርበሬ ማዳበሪያ አጽድታ ቆልፋዋለች፤ ቁልፉን እኔንም ከልክላኛለች።

ስምሽን ያወረሰችሽ እመቤት ከፊትሽ ትቅደም። የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እንቁን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ፤ የሚያከብራትንም ትስጣት።

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል እናትሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ቀኝ ክንዷን ብርድ ሲሆን ያማት እንደሆነ ጠይቁልኝ" አለችኝ።

"ስለ ክንዷ የነገረሽ ሰው አለ?"

"ማንም አልነገረኝም። ለፋሲካ የመጣች ጊዜ ልጇን ሁሉ ጊዜ በግራዋ ነበር የምታቅፋት።"

እኔም አይቼ እንደነበር አልነገርኳትም።

ሾፌሩ ዘንድ በጠርሙስ ቅቤ አለ፤ ተቀበይው። ለወጥ አይደለም። ዓባይነሽ ማታ ማታ ክንድሽን ትሽሽ።

አባትሽ
ገብረሰንበት