የለችም የተባልሁበት ሳምንት

ሰኞ

ኢሜይሌ ተመለሰ! ልኬ ስልኬን ሳላስቀምጥ «ይህ አድራሻ የለም» የሚል መልስ መጣብኝ። አድራሻውን ፊደል በፊደል አየሁት፤ ልክ ነው። ደግሜ ላክሁ። ደግሞ ተመለሰ።

ባሕር ማዶ ለሁለተኛ ዲግሪ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተሻል ያሉኝ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። «መቀበልሽን እስከ ረቡዕ አሳውቂን» ብለው የጻፉልኝም ከዚሁ አድራሻ ነው። ባለፈው ሳምንት የነበረ ዛሬ እንዴት አይኖርም?

እየሮጥሁ ሰሚራ ዘንድ ሄድሁ። አባቷ ጨርቅ ከሚሸጡበት ሱቅ ጎን ኮምፒውተር ቤት አላት፤ የነፋስ መውጫ ከተማን ማመልከቻ ግማሹን የምትጽፈው እሷ ናት። ከራሷ ኢሜይል ሞከረችልኝ። የሷም ተመለሰ። «ውባለም፣ አጭበርባሪዎች እንዳይሆኑ ብቻ» አለችኝ። እንደ እኔ መምህር የሆነ አንድ የስማዳ ሰው እንዲሁ በውሸት ዕድል መሳቂያ ሆኖ ቀርቷል።

አመሻሽ ላይ አባዬ ከአርብ ገበያ ከተማ አጠገብ፣ ከገጠር ደወሉ። መደበቅ አልችልበትም፤ ሁሉን ዘረገፍሁት። «አድራሻው የለም አለሽ? እንግዲህ ተይው ልጄ» አሉ። ሌላም ነገር ሊሉ ሲጀምሩ ባትሪያቸው አልቆ ተቋረጠ።

የፈራሁት ሌላ ነው። በኅዳር መሪጌታ አድማሱ ሽማግሌዎች ይዘው፣ ወፍጮ ቤት ላለው ለጌታነህ እኔን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። አባዬ «ልጄ ለትምህርት ተጠርታለች» ብለው መለሷቸው። ትምህርቱ ከሌለ ምን ይመልሳሉ? እኔ ምን እንደምል እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ማክሰኞ

ጉድ! ጉድ! የኢሜይል አገልግሎቱ ራሱ ነው የተበላሸው፤ እዚህ ብቻ አይደለም፣ በመላው ዓለም። የርእሰ መምህሩ ሪፖርትም ተመልሷል፤ እሳቸው ደግሞ ተቀባዩ ከሥራ ተባሮ መስሏቸው አዝነውለት አድረዋል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰው እስኪያየኝ ድረስ ጮህሁ።

ከክፍል ስወጣ ወደ ሰሚራ። አገልግሎቱ ተስተካክሏል። «ያበሳጨኝ ምኑ መሰለሽ?» አለች። «አንድ መልእክተኛ ሄዶ በሩ ቢዘጋበት ምን ይላል? ‹ዝግ ነው፣ ቆይቼ እመለሳለሁ› ይላል። ይኼኛው ግን ደጁ ላይ ቆሞ ‹እንዲህ የሚባል ሰው በአገሩ የለም› ብሎ መጣ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ላክሁ። አልተመለሰም! ሰሚራን አቀፍኋት።

አባዬ ጋ ደወልሁ፤ ዝግ። ቢያንስ አጭበርባሪ እንዳልሆኑ ልንገራቸው ብዬ ነበር።

ረቡዕ

የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። መልስ የለም። አለመመለሱ ደርሷል ማለት እንዳልሆነ አሁን ነው የገባኝ። ሰሚራ በድረ ገጻቸው ላይ ሌላ አድራሻ አግኝታ ወደዚያም ጻፍን።

የአባዬ ስልክ አሁንም ዝግ። የገብስ ውቂያ ላይ ናቸው፤ ማን ስልክ ያስታውሳል? ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ቀመር ጽፌ ተማሪዎቼ አረሙኝ።

ዓርብ

የፈራሁት ደረሰ።

አባዬ ደወሉ፤ ገበያ ወጥተው ስልካቸውን አስሞልተዋል። ደስ እንዳላቸው ድምፃቸው ያስታውቃል። «እሑድ እነ መሪጌታ ይመጣሉ። ነገ ወደ ቤት ግቢ፣ እናትሽን አግዣት።»

«ለምን ይመጣሉ?»

«አድራሻው የለም አላልሽኝም? እኔው ነኝ የጠራኋቸው። ልጄ የሌለ ተስፋ ይዛ ትቅር?»

መንገድ ላይ ተቀመጥሁ፤ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፍቶ ዞሮኝ ሄደ። ኢሜይሉ ተበላሽቶ እንደነበር፣ ሰዎቹ እውነተኛ ሊሆኑ እንደሚችሉ እየጮህሁ ነገርኋቸው። አባዬ ሰሙኝና «የለም ያልሽው አንቺ፣ አለ የምትይውም አንቺ» አሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገበያ መሐል የጠራሁትን ሽማግሌ ምን ብዬ ልመልስ?»

ምን እላቸዋለሁ? እውነታቸውን ነው። ግን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሳህን እኔን ማንሳትና ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው? ተናድጃለሁ። በአባቴ መናደድ ደግሞ ያስፈራኛል።

ቅዳሜ

መኪና ከመሳፈሬ በፊት ሰሚራ ጠራችኝ። መልስ መጥቷል! አንብቤ አላመንሁም፤ እሷም አንብባ «ወላሂ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አለች።

ሰኞ ዕለት ለእኔም ጽፈውልኝ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ሁለቱም «ይህ አድራሻ የለም» ተብለው ተመለሱባቸው። ኮምፒውተራቸው እኔን የሌለሁ ሰው አድርጎ ከዝርዝሩ ሰረዘኝ፤ ቦታዬንም ለተከታዩ ሊሰጡ ተዘጋጁ። የማክሰኞው ደብዳቤዬ አሁን ተገኝቷል። ይቅርታ ጠይቀዋል። ቦታው ይመለስልኝ እንደሆነ ግን የሚወስኑት በመጪው ማክሰኞ ነው።

ስለዚህ እኔ እነሱ የሉም ስል፣ እነሱም እኔ የለሁም ሲሉ ሰነበትን!

ቤት ስደርስ አባዬ በሬዎቹን ድርቆሽ ያበላሉ። ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። ድርቆሹን ጣሉት።

«አንቺን? የለችም አለ?»

«አዎ።»

«እኔ የወለድኋትን? ክርስትና ያስነሳኋትን?» ደም ሥራቸው ተገታተረ። እንዲህ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩና ቀስ ብለው «እንዲህማ ከሆነ፣ እነሱንም እያሉ ነው የሉም ያላቸው» አሉ። ከዚያ ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ። ስለ ነገው ልጠይቅ አፌን ከፈትሁ፤ ፈራሁ።

እሑድ

ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እናቴ ጠላ ቀዳች፣ ቆሎ አቀረበች። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ሥር አያለሁ።

አባዬ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ። «ጠርቼ ላሳፍራችሁ ነውና አትቀየሙኝ» አሉ።

መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ትምህርቱ ተረጋገጠ ማለት ነው?»

አዎ ቢሉ ያልቃል፤ ማንም አይፈርድባቸውም።

«አልተረጋገጠም።»

«እንግዲያስ በምን ምክንያት ይመልሱናል?»

«ልጄን ሳልጠይቅ ነው የጠራኋችሁ። ከሩቅ ያለ ኮምፒውተር የለችም ቢላት ተቆጣሁ። ሌሊቱን ሳስበው ግን እኔም ያደረግሁት ከዚያ አይለይም።» ወደ ጓዳው ዞሩ። «ውባለም፣ ነይ ውጪ። ራስሽ ተናገሪ።»

እግሬ እንዴት እንዳወጣኝ አላውቅም። «አባቶቼ፣ ጌታነህ ክፉ ነው አልልም፤ አላውቀውም። ትምህርቱ ቢቀርም አሁን ማግባት አልፈልግም» አልሁ። ድምፄ ከማን ጉሮሮ እንደወጣ ገረመኝ።

መሪጌታ ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። «በኅዳር ጠይቀዋት ቢሆን ኖሮ ይኼን ዳገት ሁለት ጊዜ አንወጣውም ነበር» አሉ። ቅር ብሏቸዋል፤ ግን ጠላቸውን ጨርሰው፣ መርቀውን ሄዱ።

አባዬ እስከ መንገዱ ሸኝተዋቸው ተመለሱ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። «ማክሰኞ እንቢ ቢሉኝስ፣ አባዬ?» አልሁ።

«እንቢ ቢሉሽ ታስተምሪያለሽ» አሉ፤ «ሽማግሌ ሲመጣም አንቺን ሳልጠይቅ አልመልስም።»

ከቤቱ ኋላ ሄጄ አለቀስሁ። የማክሰኞው ነገር አልታወቀም። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ ነፋስ መውጫ እመለሳለሁ፤ ክፍል አለኝ።