ማን ጋ ነው የተኙት?

ፌብሩዋሪ 17፣ 2021 ረቡዕ

ዛሬ ኦፍ ነኝ። ልብስ አጠብኩ። ሮሐ በሯን ዘግታ በኮምፒውተር ትማራለች፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላ በር መዝጋት ግዴታ ነው መሰለኝ። ትንሿ፣ ስጦታ፣ ሳሎን ውስጥ ከአስተማሪዋ ጋር እየጮኸች ትቆጥራለች።

ከምሳ በኋላ ታክሴን በስልክ ሞላሁ። የሁለቱንም ልጆች ስም አስገብቼ ላክሁ። ሪፈንዱ፣ ተመላሹ ገንዘብ፣ ሲመጣ የዚህን ወር ኪራይ እከፍላለሁ። አከራዩ እስካሁን ታግሶኛል... እስከ መቼ ይታገሣል?

ፌብሩዋሪ 18፣ ሐሙስ

ሪጀክት ሆነ።

ኢሜይሉን ያነበብኩት ሆስፒታል፣ አራተኛ ፎቅ፣ የጽዳት ጋሪዬን ይዤ ቆሜ ነው። የሁለቱን ልጆች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሌላ ሰው አስቀድሞ በራሱ ታክስ ላይ ዲፔንደንት፣ የማስተዳድራቸው ብሎ፣ አስገብቶታል ይላል። ሌላ ሰው? ማነው ሌላ ሰው? እኔ እኮ ነኝ የወለድኳቸው!

ከኤልሳዕ በቀር ማን ይሆናል። ከተፋታን ሦስት ዓመት ሆነን። ትራኩን ይዞ ከስቴት ስቴት ሲዞር ልጆቹን በዓመት ስንት ቀን ያያቸዋል?

ፌብሩዋሪ 19፣ ዓርብ

ደወልኩለት። ጮህኩበት። አስጨረሰኝና መለሰ።

«ሳምራዊት፣ እኔ ታክሴን ገና አልሠራሁም።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን።»

ሲዋሽ ድምፁን አውቀዋለሁ። አልዋሸም። ታዲያ ማን? ሌባ?

ፌብሩዋሪ 21፣ እሑድ

ኤልሳዕ መልሶ ደወለ። «እንዳትቆጪ» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ተብሎ ማን አልተቆጣ...

«እማዬ ናት። ታክስ ሠሪ ጋ ሄዳ አስገብታቸዋለች።»

እትዬ ብርቅታይት! የልጆቼ አያት።

አምና ማርች ላይ ሆስፒታሉ በኮቪድ ሲጨናነቅ፣ በሽታ ይዤባቸው እንዳልገባ ብዬ ልጆቹን ዊትኒ ሰፈር እሳቸው ቤት አደረስኳቸው። ለሁለት ሳምንት ብዬ። ሁለቱ ሳምንት ወራት ሆነ። ሰንራይዝ ማነር ሰፈር የነበረኝን ቤት ለቅቄ ከሥራ ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተጋራሁ። ልጆቼን በመስኮት ነበር የማያቸው። ይህን ቤት አግኝቼ ያመጣኋቸው ዘንድሮ ጃንዋሪ 2 ነው።

አሁን በመንግሥት ወረቀት ላይ የእሳቸው ሆኑ ማለት ነው? ነገ ፍርድ ቤት ሄደው «አሳዳጊያቸው እኔ ነኝ» ቢሉስ? እሳቸው ወረቀት አላቸው። እኔ ምን አለኝ?



ፌብሩዋሪ 23፣ ማክሰኞ

እትዬ ብርቅታይት ሁለት ጊዜ ደወሉ። አላነሳሁም።

ፌብሩዋሪ 27፣ ቅዳሜ

ታክስ በነፃ የሚሠሩ ሐበሻ አሉ ሲሉኝ ሄድኩ። ጋሽ በቀለ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው ናቸው። በመሀላችን የፕላስቲክ መከለያ አለ። ታሪኬን በሙሉ ዘረገፍኩላቸው።

«ልጆቹ ባለፈው ዓመት ማን ጋ ነው የተኙት?» አሉኝ።

«እናታቸው እኮ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም፣ ልጄ።»

ካላንደር አውጥተው አብረን ቆጠርን። እኔ ጋ ሰማንያ ሦስት ሌሊት። እትዬ ብርቅታይት ጋ ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት። ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት! አንገቴን ደፋሁ።

«ሕጉ ከግማሽ ዓመት በላይ ልጆቹ አብረውት የኖሩትን ሰው ነው የሚያየው። አንቺም አባታቸውም ቀኑ አልሞላላችሁም። አያታቸው ይሠራሉ?»

«ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ዳቦ ክፍል።»

«እንግዲያው ልክ ናቸው።»

ያኔ ነው ሳምንቱን ሙሉ ይዤው የዞርኩትን ጥያቄ ያወጣሁት። «ልጆቼን ይወስዱብኛል?»

ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ የግብር ወረቀት ነው። ልጅ አይሰጥም፣ ልጅ አይነጥቅም። ዘንድሮ አንቺ ጋ ከኖሩ በሚመጣው ዓመት አንቺ ታስገቢያቸዋለሽ።»

ሪጀክት የሆነው እንዳልገባ ነው አሉ የሚቆጠረው። ልጆቹን አውጥቼ እንደገና መላክ ብቻ። ቅጣት የለ፣ ምን የለ። ስነሣ ግን «ወረቀቱ ቀላሉ ነው። ሴትዮዋን አነጋግሪያቸው» አሉኝ።

ፌብሩዋሪ 28፣ እሑድ

ዊትኒ ሄድኩ። ማስካችንን አድርገን ጓሮ ተቀመጥን።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ታክስ ሠሪው ማን ጋ ነው የሚኖሩት አለኝ፤ እኔ ጋ ነበሩ አልኩት። ዋሸሁ?»

አልዋሹም።

«በምን አፌ ልንገርሽ? ልብሳቸውን በፌስታል ጠቅልለሽ ይዘሻቸው ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አምጥተሽልኛል? ስደውል ቢዚ ነን ትያለሽ። ዘጠኝ ወር ፀጉራቸውን የሠራሁ ሰው ነኝ እኮ፣ ሳምሪ።»

እውነት ነው። አመሰግናለሁ እንኳን አላልኳቸውም። ያን ቀን ለምን እንደቸኮልኩ... ስጦታ አያቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አልሄድም ብላ ስታለቅስ አየሁ። ቀናሁ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ እዚህ ይጻፍ።

«ልጆቹን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነው» አልኳቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ እንባቸው መጣ። «እኔ ደግሞ ዳግመኛ አላያቸውም ብዬ ነው የፈራሁት።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። አመሰገንኳቸው፤ ዘግይቶም ቢሆን። ስወጣ የእሳቸው ሪፈንድ ሲመጣ ኪራዬን እንደሚከፍሉ ነገሩኝ። አይሆንም አልኩ።

«ለአንቺ ማን ሰጠሽ?» አሉ። «ልጆቹ የሚተኙበት ቤት ነው!»

ማርች 1፣ ሰኞ

ልጆቹን አውጥቼ ላክሁ። ስማቸው የነበረበትን ቦታ ባዶ ሳየው ቆጠቆጠኝ። ግን እውነቱ እሱ ነው።

ማርች 2፣ ማክሰኞ

ተቀበሉት። እፎይ!

ማርች 20፣ ቅዳሜ

ኪራዩ ተከፈለ፤ እትዬ ብርቅታይት እንዳሉት አደረጉ። ልጆቹ ዊትኒ አደሩ። ቤቱ ጭር አለ... እስከ ረፋዱ ተኛሁ። እንደዚህ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ጁላይ 16፣ ዓርብ

ውጭው ያቃጥላል፣ መቶ አሥር ዲግሪ ፋራናይት። እትዬ ብርቅታይት ከሥራ በቀጥታ መጡ። አሁን ዓርብ ዓርብ እኛ ጋ ነው የሚያመሹት።

መንግሥት ከዚህ ወር ጀምሮ የልጆች ገንዘብ በየወሩ ይልካል። ታክሳቸውን አይቶ ለእሳቸው ሊልክ ነበር። ባለፈው ወር ሮሐን ስልኩን አስይዘው አስቆሙት። «ዘንድሮ እናታችን ጋ ነን ብለሽ ጻፊላቸው» ይሏታል። «ኖ፣ አያቴ፣ መጻፍ የለም። ስክሪኑ ላይ ያለችውን በተን ብቻ ነው የምትነኪው።»

ዛሬ የስጦታን የትምህርት ቤት ፎርም ስሞላ፣ ከስሜ ሥር ልጅቷን መውሰድ የሚችል ሌላ ሰው የሚል መስመር አገኘሁ። ወረቀቱን ገፋ አድርጌ እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው።

«እኔ?» አሉ።

«ታዲያ ማን ይሁን?»

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ስማቸውን በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። ስጦታ ትከሻቸው ላይ ተደግፋ እያንዳንዱን ፊደል እየጮኸች ጠራችላቸው። ሮሐም ለማረም ከክፍሏ ወጣች። ሦስቱም በአንዲት ፊደል ተከራከሩ።

ሺፍቴ ደርሶ ቦርሳዬን አነሣሁ። «ቻው» አልኩ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ።