ካርዱ ገና ሳይገባ

ይድረስ ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይስ አሁንም እየሳልክ ነው ለሥራ የምትወጣው? ባለቤትህስ ደህና ናት? የፊት ጥርሷ ወለቀ ያልከኝ ትንሿስ፣ አዲሱ በቀለላት? እኔ አለሁ፤ መርፌ ከእጄ ወሬ ከአፌ ሳይጠፋ አለሁ። አባባም አለ። እንዴት እንዳለ ግን በአንድ ቃል የሚነገር ስላልሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስትደውል ስልኩ የአባባ ነው፣ ድምፅህም በስፒከር ነው፣ ቤቱም የምታውቀው ቤት ነው፤ ኋለኛው ክፍል ለሚያስነጥሰው ሳሎን ያለው ነው «ይማርህ» የሚለው። ወጥቼ በራሴ ስልክ ልደውል ብል ደግሞ ድምፅህን ስሰማ ማልቀሴ አይቀርም፤ ነገሩን ሳልጨርሰው ይዘጋል። የጎረቤታችን ልጅ ነገ ዓርብ ሳይነጋ ወደ እናንተ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ከኮምፒውተሩ ልጀምር። ትተኸው የሄድከው የጌም ኮምፒውተር አቧራ ለብሶ ከርሞ ነበር። አባባ አንድ ቀን አውጥቶ አራገፈው፣ ያንን መሪውንም ሰካው፣ የመንዳት ጌም መጫወት ጀመረ። አስበው እንግዲህ! ጠዋት እኛን የፋብሪካውን ሠራተኞች በሰርቪስ ሰብስቦ የሚያደርስ፣ ማታ መልሶ በየሰፈራችን የሚበትን ሰው፣ ቤት ገብቶም መሪ ይጨብጣል። «አልበቃህም እንዴ?» ስለው «ይኼ እኮ ነው ዕረፍቴ፤ ተሳፋሪ የለው፣ ጭቅጭቅ የለው» ይለኛል። እኔም ሽማግሌው ልጅ ሆነ ብዬ ለሬዲዮ ሳይቀር አውርቼ ስቄበታለሁ። ሬዲዮ የምንላት ሰርቪስ ላይ አጠገቤ የምትቀመጠዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ወሬ ስለማታቋርጥ ነው ስሙ የወጣላት። አሁን ሳስበው አባባ እየተጫወተ አልነበረም፤ ራሱን እየፈተነ ነበር።

ከዚያ እሮሮው መጣ። አንተም በስልክ ሰምተኸዋል። ምስሉ ደበዘዘ፣ ከፊት ያለው መኪና ታርጋ አይነበብም፣ የመንገዱ ምልክት አጠገቡ ሲደርስ ነው ብቅ የሚለው፣ ሰው ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ከመሬት ፈልቆ ፊቱ ይቆማል። አንተም ምን ታድርግ፣ እንደሚያውቅ ሰው መለስክለት፤ ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ አርጅቶ ይሆናል፣ አዲስ ልላክልህ ወይስ ባለው ይቀጥል፣ መጀመሪያ ቀጮ ይየው አልክ። አባባ በዚያች ቀን ፊቱ እንዴት እንደበራ ባየኸው። ጥፋቱ የካርዱ ነው ያልክ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነበርክ።

ቀጮ ጓደኛህ አሁንም በዚያችው ጠባብ ሱቁ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ አሁንም አንድ ፍሬ ሥጋ አልጨመረም። መጣና ከፈተው፣ አቧራውን እፍ እፍ አለ፣ ጌሙንም ራሱ ነዳው። «ካርዱ አርጅቷል እንጂ አልሰነፈም፤ ለዚህ ጌም ከበቂ በላይ ነው» አለኝ። እኔም ተቀመጥኩና አየሁት። ጋሼ፣ የዛፉ ቅጠል ሳይቀር ይለያል! ታርጋውን ከሩቅ አነበብኩት። ቀጮ ሊወጣ በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገና «አባባ ዓይናቸውን ታይተው ያውቃሉ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰርቪስ ላይ ወሬ መስማት ተውኩ፤ የማየው የአባባን ማጅራት ብቻ ሆነ። የለመደውን መንገድ እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል፤ ማዞሪያውን፣ ጉድጓዱን፣ ሰው የሚጫንበትን ሁሉ። አንድ ጠዋት ግን መንገዱ ተቆፍሮ በሌላ በኩል እንድንዞር ተደረገ። ቀይ ጨርቅ የያዘ የቀን ሠራተኛ መሀል ላይ ቆሞ ያውለበልባል። እኔ ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ፣ አባባ ግን አላቀዘቀዘም። ሰውዬው ዘሎ ዳር ወጣ፣ ፍሬኑ ጮኸ፣ ሁላችንም ወደ ፊት ተደፋን። አባባ ምን አለ መሰለህ? «ይኼ ደግሞ ከየት ፈለቀ!» አለ። ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የሚላትን ቃል፣ ያችኑ! ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሬዲዮም «ሹፌራችን ዛሬ በግራ ጎናቸው ነው የተነሱት» አለች። እኔ የያዝኩትን ወንበር መልቀቅ አቅቶኝ ፋብሪካው በር ደረስኩ።

ያን ቀን ማታ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። ተቆጣ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ካርዱ ነው!» ብሎ ማለ። መሐላው ራሱ ዘገነነኝ። ጌሙን ትተህ ሰርቪሱስ ብለው፣ ፀሐይ ነበረች አለ፣ መስታወቱ ቆሽሾ ነበር አለ። በመጨረሻ ግን እንዲህ አለኝ፤ «ካርዱ ይምጣ። አዲሱ ገብቶ ካልጠራልኝ የሰርቪሱን ቁልፍ በእጄ አስረክባለሁ።» ስትደውል በስፒከሩ ላይ «ላከው ጋሼ፣ ቶሎ ላከው» ብዬ የጮህኩት ለዚህ ነበር። ካርድ ምን እንደሚሠራ መቼ አውቄ! የአባባን ቃል ለማስያዝ ነው።

እሑድ ካርድህ ደረሰ። ቀጮም መጣ። ኮምፒውተሩን ገልብጦ ከፈተው፣ ከዚያ መልሶ አቆመውና «መጀመሪያ በአሮጌው ላስነሳውና ልዩነቱን ያዩታል» ብሎኝ አስነሳው። አባባ ይህን አልሰማም፤ ጓሮ ፊቱን እየታጠበ ነበር። እየተጣደፈ ገባ፣ ፎጣው ትከሻው ላይ ነው፣ ተቀመጠ፣ መሪውን ያዘ። ትንሽ ነዳ። ከዚያ ጭኑን መታና «አሁን ገና! ጠራ! አላልኳችሁም?» አለ። ልጄ ተባረክ እያለ አንተን መረቀ። አዲሱ ካርድ ጋሼ፣ ከነካርቶኑ ቀጮ ጉያ ውስጥ ነበር። ቀጮ አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ቆነጠጥኩት።

ደስ ብሎት ነበር፣ ያ ደስታ አስፈራኝ። አባባ እየዋሸን እንደሆነ ወይም እውነትም ጠራልኝ ብሎ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሁለቱም ያስፈራሉ።

ሰኞ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብዬ ሰርቪሱ ላይ አልወጣሁም። አዎ፣ ራሴን አወረድኩ! ሌሎቹ ወጡ፣ እኔ በእግሬ ሄድኩ። ጭጋግ ነበር። ከማዞሪያው በፊት ሰርቪሱ ከኋላዬ መጣ፣ ዳር ቆሜ እጄን አነሳሁ። ጋሼ፣ በአጠገቤ ሲያልፍ ነፋሱ ነጠላዬን ገፈፈው። አባባ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ነበር፤ አላየኝም። ሬዲዮ ግን እኔ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እየሳቀች እጇን አወዛወዘችልኝ። አሳፋሪ ነገር ነው የሠራሁት። ፋብሪካው ግቢ ደርሼ መኪናው በሰላም ቆሞ እስካየው ድረስ እሮጥ ነበር።

ትናንት ካርቶኑን አባባ ጭን ላይ አስቀመጥኩለትና እውነቱን ነገርኩት። ይኸው ካርዱ፣ ጠራልኝ ያልከው በአሮጌው ነው አልኩት። ካርቶኑን በጣቱ ዳር ዳሩን ዳሰሰው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብሎ «እንግዲያማ አዲሱ ገና አልተሞከረም» አለኝ። ቀጮ ደግሞ ለሥራ ወጥቷል፣ እስከ ቅዳሜ አይመለስም። ዛሬም ጠዋት ቁልፉን አንስቶ ወጣ፤ እኔ ከሥራ ቀርቼ ቤት ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ማታ በሰላም እስኪመለስ በሩን እያየሁ ነው።

ቅዳሜን አልጠብቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነገ ጠዋት ሰርቪሱ ሳይወጣ ስምሪት ኃላፊው ጋ ገብቼ እናገራለሁ። ልጁ ስለሆንኩ ያምነኛል፤ ልጁ ስለሆንኩም አባባ ይቅር አይለኝም። ለአንተ ይደውላል፤ እህትህ እንጀራዬን ቆረጠች፣ በሰው ፊት ዕውር አደረገችኝ ይልሃል። አታባብለው። «እኔ ነኝ ንገሪ ያልኳት» በለው ጋሼ፣ እባክህ። ከሁለት ልጆቹ በአንዷ ብቻ አይቀየም፤ ለእኔም ብቻዬን ይከብደኛል። ካርዱን ቀጮ ሲመለስ እናስገባዋለን፤ እሱም ቀርቶበት አይቆጭ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ትልቁን ልጅህን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፣ ትንሿንም ያ የወለቀው ጥርሷ በነበረበት በኩል ሳምልኝ። ቀጮ ሰላም በለው ብሎኛል። ሬዲዮም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። አባባም ካርዱን ስለላክህ ስሞሃል፣ እኔንም «የኔ ዓይን» ብሎ ዛሬ ጠዋት ግንባሬን ስሞ ነው የወጣው። ሰላምታውን እንዳለ ጽፌልሃለሁ፤ ከነገ በኋላ በእኔ በኩል የሚልክልህ አይመስለኝም።

እህትህ

ከቤታችን፣ ከኋለኛው ክፍል
ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ