«አርፈዋል» የተባሉት ፈርኖች

ከእናቴ ቀጥዬ ለምሳሳልሽ እታለሜ፤ እንደምን ከርመሻል? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የእማዬን ጤና ወደ ኋላ ላይ እጠይቃለሁ፤ ዛሬ ከሱ መጀመር አቅቶኝ ነው። እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም።

እንደምታውቂው የምሠራው ጡረታ የወጡ ሐኪም ቤት ነው፣ አትክልተኛ ሆኜ። ከጓሮ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሟች ባለቤታቸው የተከሏቸው አሥራ አንድ ፈርኖች ነበሩ። ፈርን አበባ የሚባል አያውቅም፤ ያለው ቅጠል ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ግን እንደ ላባ ተሰነጣጥቆ እስከ ደረቴ ይደርስ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ መሬቱ እንዳይደርቅ ውሃ እያጠጣሁ፣ ከሥራቸው የበሰበሰ ቅጠል እያለበስኩ እንደ አራስ ልጅ ስንከባከባቸው ከረምኩ። ብርዱ ሲገባ በአንድ ሳምንት ቡናማ ሆነው መሬት ላይ ተነጠፉ። ደንግጬ ለሐኪሙ ብነግራቸው፣ በመስኮት ብቅ ብለው «አዎ፣ አርፈዋል» አሉኝና መጋረጃውን ዘጉት።

አርፈዋል ከተባለ እኔ ምን ልበል? የሚስታቸውን እጅ ሥራ ሞቶ ሲያዩት ሆዳቸው እንዳይባባ ብዬ በማግስቱ በዶማ ከነሥራቸው ነቀልኳቸው። አራቱን ከጉድፍ ጋር አቃጠልኳቸው። እማዬ «ችኩሉ» ያለችኝ ያለ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ጭሱን አይተው በነጠላ ጫማ እየተንደረደሩ መጡ። አንዱን ጉቶ አንስተው በቢላ ቢሰነጥቁት መሃሉ እርጥብ ነው፤ የሚመጣው ዓመት ቅጠል እንደ ሕፃን ጡጫ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «አርፈዋል አልኩህ እንጂ ሞተዋል አልኩህ? በየዓመቱ ቅጠላቸውን ጥለው ያርፋሉ እኮ!» አሉኝ። ተቆጥተው ቢተዉኝ በተሻለኝ፤ ጉቶውን እንደያዙ አለቀሱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የቀሩትን ሰባት መልሼ ተከልኳቸው፤ የራሳቸውንም ደረቅ ቅጠል አለበስኳቸው። ይትረፉ አይትረፉ የሚታወቀው ብርዱ ሲያልፍ ነው።

እታለም፣ ያን ቀን እጄን እንኳ ሳልታጠብ ክፍሌ ገብቼ የመጨረሻ ደብዳቤሽን አወጣሁ። «እማዬ ከዚያ ሁሉ ሥቃይ አርፋለች፤ አንተም አትጨነቅ» ብለሻል። ሳነበው ሕመሙ ለቀቃት፣ እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ በደስታ ዘልዬ ነበር። «እንኳን ደስ አለን» ብዬም ጻፍኩልሽ፤ ለትከሻዋ የሚሆን ሹራብ ገዝቼ ላክሁ። ለፈርን ሞት ነው ያልኩትን ቃል ለእናቴ ሲሆን ዕረፍት ነው አልኩት። ይኸው ሁለት ወር ሆነው፣ መልስ የለሽም። ክፉ ወሬ አለስልሰሽ መናገር እንደምትወጂ ሳውቅ እንዴት ጠፋኝ? ሹራቡንስ ማን ለበሰው?

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ሳሉን አደራ ይታከም። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ ጥርሱ የወለቀውን ትንሹን ደግሞ ድዱን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን እንዳትረሺ። እማዬ ካለች ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ሹራቡም ልክ ከሆነ ንገሪኝ። ከሌለችም ደብቀሽ አታቆይኝ። ስትመልሽልኝ ግን በእናታችን ይዤሻለሁ፣ አርፋለች አትበይኝ፤ ወይ ድናለች በይ፣ ወይ ሞታለች በይ።

ወንድምሽ ችኩሉ
ከጓሮ ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን